ከትምህርት ሰዓት በኋላ ስለሚከፈተው የኮምፒውተር ክበብ አጀማመር

«ውሃን ከጥሩው፣ ነገርን ከሥሩ» እንዲሉ፣ ስለ አንድ የሥራ ዕቅድ ከመናገር አስቀድሞ የተጀመረበትን ታሪክ መመርመር የተገባ ነው። በዛሬው ጊዜ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ በኮምፒውተር የሚሠሩበትን ስፍራ ለማቋቋም የሚያስቡ አስተማሪዎች፣ ወላጆችና ማኅበሮች ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሳባቸው ሁሉ የሚያርፈው በመሣሪያው ላይ ነው፤ ይኸውም ስንት ኮምፒውተር ይገዛ፣ በየትኛው ክፍል ይቀመጥ፣ የክፍሉንስ ቁልፍ ማን ይያዝ በሚለው ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከዚህ የሚቀድመውን ጥያቄ ነው። አንድን ልጅ ማንም ሳያስገድደው፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ከተደወለ በኋላ፣ ወደ አንድ የሥራ ክፍል እንዲመጣ፣ ከመጣም በኋላ በማግስቱ እንዲመለስ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ታሪክ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ ይልቁንም በቦስተን ከተማ ስለ ተፈጸመ፣ እርሱን ከመነሻው ጀምረን እንተርካለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር የሚገኘው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ዋጋው እጅግ የከበደ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ የሚገኝ መኪና ስለ ነበረ፣ ለልጅ እጅ ይስጡት ማለት ለብዙ ሰው እንደ ቀልድ የሚቈጠር ነበር። በደቡብ አፍሪካ፣ በፕሪቶሪያ የተወለዱት የሒሳብ ሊቅ ሲሞር ፓፐርት ግን፣ የልጆችን አስተሳሰብ በመመርመር ስማቸው ከገነነው ከዣን ፒያዤ ጋር በጄኔቭ ከሠሩ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ ከዋላስ ፎይርዛይግና ከሲንትያ ሰሎሞን ጋር በመሆን ሎጎ የተባለውን ለልጆች የሚስማማ የኮምፒውተር ቋንቋ አወጡ። ልጁ በዚህ ቋንቋ «ይህን ያህል ወደ ፊት ሂድ፣ ይህን ያህል ወደ ቀኝ ታጠፍ» እያለ አንዲት ሰው ሠራሽ ዔሊ ያዝዛል፤ ዔሊዋም በሄደችበት ሁሉ መስመር እያሰመረች ሥዕል ትሠራለች። በጊዜው ኮምፒውተርን ለትምህርት ያሰቡት ሌሎች ሰዎች መኪናው ልጁን እንዲጠይቅና እንዲያርም ይፈልጉ ነበር። ፓፐርት ግን ነገሩን ገልብጠው፣ ልጁ መኪናውን ማዘዝ ይገባዋል አሉ። ይህንም አሳብ በ1980 «ማይንድስቶርምስ» በተባለው መጽሐፋቸው አስፋፍተው ጻፉት። ከዚህ በኋላ የምንተርከው ሁሉ ከዚህ ከአንድ አሳብ የበቀለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያም ኮምፒውተር እያነሰና እየረከሰ ሄዶ በቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥበት ዘመን መጣ። ዳሩ ግን ይህ ዘመን አዲስ ልዩነት ይዞ መጣ፤ ይኸውም ገንዘብ ያለው ወላጅ ለልጁ ሲገዛ፣ ድኻው ወላጅ የሚያየው በመስተዋት ውስጥ ብቻ ሆነ። ይህን ልዩነት አስቀድመው ከተመለከቱት ሰዎች አንዷ አንቶኒያ ስቶን የተባሉ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። እኒህ ሴት በ1980 «ለማሸነፍ መጫወት» የሚል ስም ያለው ድርጅት አቋቁመው፣ በ1983 በኒውዮርክ ከተማ፣ በሃርለም ሰፈር፣ በአንድ የሕዝብ መኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ለአካባቢው ሰው ሁሉ ክፍት የሆነ የኮምፒውተር ማእከል ከፈቱ። በዚህም ሥራቸው መሣሪያው በየቤቱ እስኪገባ ድረስ ሳይጠበቅ፣ በሰፈር ለሰፈር ሊቀርብ እንደሚቻል አሳዩ።

በሌላ በኩል በካሊፎርኒያ፣ በሳንዲዬጎ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ መምህር ማይክል ኮልና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ አጋማሽ «አምስተኛው አቅጣጫ» የተባለ ከትምህርት በኋላ የሚደረግ የጨዋታና የትምህርት ፕሮግራም ጀመሩ። በዚህ ፕሮግራም ልጆቹ ብዙ ክፍሎች ባሉት የመንገድ ካርታ ላይ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወሩ በኮምፒውተር ይጫወታሉ፤ ለማያዩት ለአንድ «ጠቢብ» ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ እርሱም ይመልስላቸዋል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ደግሞ የኮርሳቸው ክፍል ስለ ሆነ ከልጆቹ ጎን ተቀምጠው እንደ ታላቅ ወንድምና እኅት ያግዟቸዋል። ኮል ሊመረምሩት የፈለጉት ትልቁ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ ይኸውም መልካም ሥራ ተጀምሮ፣ የመነሻው ገንዘብ ባለቀ ጊዜ ለምን ይሞታል የሚል ነው። በእርግጥም መጀመሪያ ከተከፈቱት ስፍራዎች አንዳንዶቹ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተዘጉ። ጸንቶ የቆየው የወንዶችና የሴቶች ልጆች ክበብ ነበር፤ በዚያ ልጆች ቀድሞውንም ለመጫወት ይመጡ ነበርና። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲያኖረው እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አሁን ወደ ቦስተን እንምጣ። በዚህች ከተማ በወደቡ አጠገብ ከ1984 ጀምሮ የኮምፒውተር ቤተ መዘክር ነበረ። ይህ ቤተ መዘክር በ1990 ሰው በውስጡ እየተመላለሰ የሚያየው፣ ሁለት ፎቅ ያህል ከፍታ ያለው ታላቅ የኮምፒውተር አምሳያ በመሥራት ስሙ ተጠርቷል። የእኛ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከዚህ ታላቅ አምሳያ ሳይሆን ከአንዲት ትንሽ ሞተር ነው። በታኅሣሥ 1989፣ በትምህርት ቤት የዕረፍት ሳምንት፣ በቤተ መዘክሩ የትምህርት ክፍል የሚሠሩት ናታሊ ራስክ፣ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሌጎ መገጣጠሚያዎችንና እነርሱን የሚያዝዘውን የሎጎ ፕሮግራም ተውሰው ለጎብኚዎች አቀረቡ። በሳምንቱ መካከል እንግሊዝኛና እስፓንኛ እየቀላቀሉ የሚነጋገሩ አራት ልጆች መጡ። ሞተሯን አዙረው ባዩ ጊዜ ተደነቁ፤ ከዚያም መኪና ገጣጥመው እንዲሄድ ፕሮግራም ጻፉለት፤ መኪናውንም የሚያነሣ ክሬን ሠሩ። በየቀኑም ተመላለሱ።

የዕረፍቱ ሳምንት ባለቀ ጊዜ ግን መገጣጠሚያዎቹ ወደ መጡበት ተመለሱ። ከጥቂት ቀን በኋላ ለቤተ መዘክሩ ሠራተኞች፣ ሳይከፍሉ ሾልከው የሚገቡ ልጆች አሉና ተጠንቀቁ የሚል ማሳሰቢያ ደረሰ። ተጣርቶ ሲታይ እነዚያው ልጆች ነበሩ። ልጆቹ የፈለጉት ለመስረቅ ወይም ለማጥፋት አልነበረም፤ ሥራ ፈልገው ነበር። በዚህ ጊዜ ናታሊ ራስክ፣ ከኢንስቲትዩቱ ከሚቸል ሬዝኒክ ጋር ሆነው፣ እነዚህን ልጆች የሚቀበል ስፍራ በከተማው ውስጥ ፈለጉ። ያገኙት ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር። አንዳንዱ ማእከል የቢሮ ጽሕፈትና የሒሳብ ሠንጠረዥ አሠራር በክፍል ያስተምራል፤ ሌላው ደግሞ በሩን ከፍቶ ልጆቹን ዝም ብሎ ጨዋታ ያጫውታል። አንደኛው ሥርዐት አለው፣ ነገር ግን የልጁ ፍላጎት የለበትም፤ ሁለተኛው ነፃነት አለው፣ ነገር ግን ሥራ የለበትም።

ስለዚህ ናታሊ ራስክና ሚቸል ሬዝኒክ፣ ከስቲና ኩክ ጋር በመተባበር፣ በ1993 በዚያው ቤተ መዘክር ውስጥ የኮምፒውተር ክበብ ቤት የተባለውን መሠረቱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከ1000 የሚበልጡ ወጣቶች መጡበት፤ ከእነርሱም እጅግ የሚበዙት ችግር ከበዛባቸው ሰፈሮች የመጡ ነበሩ። ክፍያ አልነበረም፤ የግድ መገኘትም አልነበረም።

የክፍሉ አደረጃጀት ራሱ ትምህርት ነው። ኮምፒውተሮቹ እንደ መማሪያ ክፍል ወደ ፊት ተሰልፈው አልተቀመጡም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲያይ በቡድን በቡድን ተደረደሩ እንጂ። ወንበሮቹ ወደ ጓደኛ ዘንድ ለመሄድ እንዲመቹ ተሽከርካሪ እግር ነበራቸው። በግድግዳውና በመደርደሪያው ላይ ልጆች የሠሩት ሥራ ስለሚታይ፣ አዲስ የመጣ ልጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል ሳይነገረው ይረዳል። በመካከሉም ኮምፒውተር የሌለበት አንድ ትልቅ አረንጓዴ ጠረጴዛ ነበረ፤ በእርሱ ዙሪያ ይነጋገራሉ፣ ይሥላሉ፣ ይገጣጥማሉ። የኮምፒውተር ክበብ እምብርቱ ኮምፒውተር የሌለበት ጠረጴዛ መሆኑ ብዙ የሚያስተምር ይመስለናል።

መሥራቾቹ ክበቡን በአራት መመሪያዎች አቆሙት። አንደኛ፣ ልጅ የሚማረው አንድ ነገር አስቦ በመሥራት ነው፤ ስለዚህ ጨዋታ ከመጫወት ይልቅ ጨዋታ ይሥራ። ሁለተኛ፣ የሥራው መነሻ ሙዚቃም ቢሆን፣ ሥዕልም ቢሆን፣ የልጁ የራሱ ፍላጎት ይሁን። ሦስተኛ፣ ታናሹ ከታላቁ፣ ታላቁም ከታናሹ የሚማርበት ማኅበር ይኑር፤ በጎ ፈቃደኞች የሆኑ ዐዋቂዎችም እንደ አለቃ ሳይሆን እንደ ሥራ ጓደኛ ይግቡበት። አራተኛ፣ ልጁ ሞክሮ ቢሳሳት የማይዋረድበት፣ የመከባበርና የመተማመን መንፈስ ይኑር። በ1996 ሬዝኒክና ራስክ በጻፉት ጽሑፍ፣ መሣሪያ ማግኘት ብቻውን በቂ እንዳይደለ አስረዱ። በ1997 ክበቡ በፒተር ድራከር ስም ለበጎ አድራጎት ሥራ የሚሰጠውን ሽልማት ተቀበለ።

ክበቡ ይህን ያህል ከተመሰገነ በኋላ እውነተኛው ፈተና መጣ። በ1999 የተወለደበት ቤተ መዘክር ራሱን ችሎ መቆም ስላልቻለ ከቦስተን የሳይንስ ቤተ መዘክር ጋር ተዋሐደ። ታሪካዊ ዕቃዎቹም ዛሬ በካሊፎርኒያ ይገኛሉ። ያ የተደነቀ ባለ ሁለት ፎቅ አምሳያ ቀረ። ክበቡ ግን ወደ ሳይንስ ቤተ መዘክር ተሻግሮ ሥራውን ቀጠለ፤ ክበቡን ክበብ ያደረገው ሕንፃው አልነበረምና። በ2000 ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በዓለም ዙሪያ 100 ክበቦች እንዲከፈቱ ለመርዳት ተነሣ፤ በዚህም ምክንያት በሕንድ፣ በኮሎምቢያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በፊሊፒንስና በሌሎችም አገሮች ክበቦች ተከፈቱ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ ልጆችን እንዲህ በነፃነት መተው ይጫወቱ እንደሆነ ነው እንጂ ይማራሉ ወይ? የሚል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ለዚህም መልስ ለመስጠት የሚረዳ ጥናት በሎስ አንጀለስ ክበብ ተደርጓል። ሬዝኒክና ጓደኞቻቸው በ2007 ለሕዝብ ያቀረቡት ስክራች የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ትእዛዞችን እንደ ሌጎ እየገጣጠሙ የሚጽፉበት ነው። ይህ ቋንቋ ገና በሙከራ ሳለ ወደ ሎስ አንጀለስ ክበብ ገብቶ፣ ልጆቹ የክፍል ትምህርት ሳይሰጣቸው በ18 ወር ውስጥ የሠሩት 536 ሥራ ተሰብስቦ ተመረመረ። በ2008 የወጣው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ትእዛዝን ደጋግሞ ማስፈጸምን የመሰለውን ዘዴ ልጆቹ ራሳቸው አገኙት። ተለዋዋጭ የሚባለውን፣ ይኸውም ከፍ ዝቅ የሚል ቁጥር የሚቀመጥበትን ዘዴ ግን ከራሳቸው ያገኙት ጥቂቶች ነበሩ።

ይህ ውጤት ለሁለቱም ወገን ተግሣጽ ነው። ልጅ ካልታዘዘ አይሠራም የሚለው ሰው 536ቱን ሥራ ይመልከት። ልጅ ብቻውን ሁሉን ያገኛል የሚለውም ሰው ያልተገኘውን ይመልከት። አንድ ልጅ በሚሠራው ጨዋታ ውስጥ ነጥብ መቁጠር ፈልጎ መንገዱ ሲጠፋበት፣ በዚያች ሰዓት አጠገቡ ያለ ዐዋቂ ተለዋዋጭን ቢያሳየው፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለአንድ ወር ቢማረው ከሚገባው ይልቅ በአንድ ጊዜ ይገባዋል፤ ፈልጎት ነበርና። ስለዚህ መካሪው የሚያስፈልገው ከልጁ ፊት ቆሞ ለመምራት ሳይሆን፣ ልጁ በሚቸገርበት ሰዓት እንዳይታጣ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ፣ ክበብ ለማቋቋም የሚያስብ ሰው የሚከተለውን ቢይዝ መልካም ይመስለናል። መሣሪያውን ከመግዛቱ በፊት ከልጆቹ አጠገብ የሚቀመጡትን ሰዎች ይፈልግ። በሳንዲዬጎ እንዳየነው፣ ልጆች አስቀድመው ከሚሰበሰቡበት ስፍራ ይጀምር እንጂ ወዳልለመዱት ስፍራ አይጥራቸው። በመጀመሪያው ቀን ስለ ሦስተኛው ዓመት ገንዘብ ያስብ፤ የአንድ ለጋሽ ልብ በተመለሰ ጊዜ ሥራው እንዳይወድቅ። የልጆቹን ሥራ ለዓይን በሚታይ ስፍራ ይስቀል። ገንዘቡ ለዐሥር ኮምፒውተር የሚበቃ ቢሆን፣ ስምንት ገዝቶ የቀረውን ለመካሪና ለጠረጴዛ ቢያውለው አይጸጸትም።

የቦስተኖቹ ልጆች በር ሾልከው የገቡት ዕውቀትን ፈልገው ነው። በየከተማው እንዲህ ያሉ ልጆች አይጠፉም። በሩን የሚጠብቀው ሰው እነርሱን ባየ ጊዜ አጥፊ መጣ ይል ወይስ ተማሪ መጣ ይል እንደሆነ፣ የሥራው ፍሬ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሾልኮ የሚገባ ልጅ በስሙ ተጠርቶ የሚገባበት በር በየሰፈሩ እንዲከፈት ምኞታችን ነው።