ከሹሙ ዓይን እስከ ሚኒስትሩ እጅ፤ የካናዳ የነጥብ ሥርዓት ታሪክ

ኦገስት 12 ቀን 1911 የካናዳ ካቢኔ አንድ አጭር ትእዛዝ አጸደቀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትእዛዙ የጥቁር ዘር ለአገሪቱ አየር ጠባይና ፍላጎት አይስማማም በሚል ጥቁሮች ለአንድ ዓመት እንዳይገቡ የሚከለክል ነበር። መነሻው ከኦክላሆማ ተነሥተው አልበርታ ውስጥ ዱሩን እየመነጠሩ መሬት ያቀኑ ጥቁር አሜሪካውያን ገበሬዎች ናቸው። ትእዛዙ ሥራ ላይ ሳይውል በኦክቶበር ተሻረ። ጥቁሩን ገበሬ ለመመለስ ግን ትእዛዝም አላስፈለገም፤ ድንበር ላይ የቆመው ሹም አመልካቹን ከእግር እስከ ራሱ ካየው በኋላ “ይስማማል” ወይም “አይስማማም” ለማለት የሚያስችል ሕግ ከአንድ ዓመት በፊት ወጥቶለት ነበር።

ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጦ ዕድሜዬ ይህን ያህል፣ ዲግሪዬ ይህን ያህል፣ እንግሊዝኛዬ ይህን ያህል እያለ የሚደምረው ወጣት ባለሙያ የሚጠቀምበት ሠንጠረዥ የተሠራው ያንን የሹም ዓይን ለመተካት ነው። በእርግጥም ብዙ ነገር ለውጧል። ይሁንና ስድሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የሥርዓቱ ታሪክ ሲፈተሽ የሚታየው ሌላም ነገር አለ፦ ነጥቡ የሰውየውን ችሎታ ብቻ ለክቶ አያውቅም። ከሁሉ በፊት የሚለካው ተቀባዩ አገር በዚያ ወቅት የጎደለውን ነው።

ከነጥብ በፊት

ካናዳ ለረጅም ጊዜ ሰው የመረጠችው በትውልድ አገሩና በቆዳው ቀለም ነው። በ1885 ቻይናውያን ሲገቡ በነፍስ ወከፍ 50 ዶላር እንዲከፍሉ ተደነገገ፤ በ1903 ክፍያው 500 ደረሰ፤ በ1923 በሩ ጨርሶ ተዘጋባቸውና እስከ 1947 ሳይከፈት ቆየ። ሕንዳውያንን ለመከልከል ደግሞ በ1908 ከትውልድ አገር ተነሥተው የትም ሳያርፉ በአንድ ጉዞ መድረስን ግዴታ የሚያደርግ ደንብ ወጣ። በዚህ ደንብ ምክንያት በ1914 ኮማጋታ ማሩ የተባለችው መርከብ 376 መንገደኞች ጭና ቫንኩቨር ወደብ ላይ ሁለት ወር ያህል ከቆመች በኋላ ጥቂቶች ብቻ ወርደው የቀሩት ወደመጡበት እንዲመለሱ ተደረገ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር ማኬንዚ ኪንግ በ1947 ለፓርላማ ባቀረቡት መግለጫ ስደተኛ የሚመጣው የሕዝቡን መሠረታዊ ገጽታ በማይለውጥ መጠን እንዲሆን አስታወቁ። የ1952ቱም ሕግ ሰውን በዜግነቱ፣ በጎሣውና ለአየር ጠባዩ ባለመስማማቱ የመከልከልን ሥልጣን እንደያዘ ቀጠለ።

አውስትራሊያ በዚሁ መንገድ ላይ ፈተና ጨመረችበት። በ1901 ባወጣችው ሕግ ሹሙ መጤውን በአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃላት ጽሑፍ ማስጻፍ ይችል ነበር፤ ቋንቋውን የሚመርጠው ግን ሹሙ ነው። በ1934 ብዙ ቋንቋ የሚችለውን የቼኮዝሎቫኪያ ጸሐፊ ኤጎን ኪሽን መመለስ ስለተፈለገ ፈተናው በስኮትላንድ ጌይሊክ ተሰጠው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ኪሽ ቢረታም የፈተናው ተንኮል ለዓለም ሁሉ ግልጽ ሆነ። ፈተና ተብሎ የተጠራ ሁሉ ችሎታ ለመለካት የተሰናዳ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

የ1967ቱ ሠንጠረዥ

በካናዳ ለውጡ የጀመረው በ1962 ነው። የኢሚግሬሽን ሚኒስትሯ ኤለን ፌርክላው ባወጡት ደንብ ለባለሙያ አመልካች ዘር መስፈርት መሆኑ ቀረ፤ ትምህርትና ሙያ ዋና መመዘኛ ሆኑ። ለዚህ ያበቃቸው የፍትሕ ስሜት ብቻ አልነበረም። አውሮፓ ከጦርነቱ አገግማ ሰዎቿ በገዛ አገራቸው ሥራ ማግኘት ጀምረዋል፤ የካናዳ ፋብሪካዎች፣ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ግን የተማረ ሰው ይሹ ነበር። በዚያ ላይ ነጻ የወጡት የአፍሪካ፣ የእስያና የካሪቢያን አገሮች ካናዳ ባለችበት የኮመንዌልዝ ማኅበር ውስጥ በእኩልነት ሲቀመጡ ዜጎቻቸውን በቀለም መከልከል ለዲፕሎማሲው አሳፋሪ እየሆነ መጣ።

የ1962ቱ ደንብ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረበት። “በቂ ትምህርትና ሙያ” ማለት ምን ያህል እንደሆነ የሚወስነው አሁንም ሹሙ ነው፤ አንዱ ቢሮ የተቀበለውን ሌላው ሊመልሰው ይችላል። በ1966 የሰው ኃይልና የኢሚግሬሽን ሚኒስቴር ሲቋቋም ሚኒስትሩ ዣን ማርሻንና የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ ቶም ኬንት ለዚህ መላ ማበጀት ነበረባቸው። መፍትሔው ኦክቶበር 1 ቀን 1967 ሥራ ላይ የዋለው የነጥብ ሠንጠረዥ ሆነ።

መመዘኛዎቹ ዘጠኝ፣ ጠቅላላ ነጥቡ 100፣ ማለፊያው 50 ነበር። ለትምህርትና ሥልጠና እስከ 20 ነጥብ ይሰጣል፤ አንድ ዓመት ትምህርት አንድ ነጥብ ነው። የሙያው ተፈላጊነት 15፤ የሙያ ደረጃ፣ ዕድሜ፣ አስቀድሞ የተገኘ ሥራ፣ የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ ዕውቀት እያንዳንዳቸው 10፤ በካናዳ ዘመድ መኖሩና የሚሄዱበት አካባቢ የሥራ ሁኔታ አምስት አምስት። ከ18 እስከ 35 ዓመት ያለ ሰው የዕድሜውን 10 ነጥብ ሙሉ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ በየዓመቱ አንድ ይቀነስበታል።

እስካሁን የቆጠርናቸው ስምንት መመዘኛዎች ሲደመሩ 85 ይሆናሉ። የቀሩት 15 ነጥቦች “የግል ግምገማ” ለሚባለው የተተዉ ናቸው። አመልካቹ ከአዲስ ኑሮ ጋር ይላመዳል ወይ? ትጋት አለው ወይ? ብልሃተኛ ነው ወይ? ይህን ሹሙ በቃለ መጠይቅ ፊት ለፊት አይቶ ይሞላል። ለትምህርት ከተመደበው በስተቀር ከዚህ የሚበልጥ መመዘኛ በሠንጠረዡ ላይ አልነበረም። የሹሙ ዓይን አልተባረረም፤ ወሰን ተበጅቶለት 15 ነጥብ ብቻ ተሰጠው።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። በ1966 ወደ ካናዳ ከገቡት 87 በመቶው ከአውሮፓ የመጡ ነበሩ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግማሽ ያህሉ ከካሪቢያን፣ ከሆንግ ኮንግ፣ ከሕንድ፣ ከፊሊፒንስና ከመሳሰሉት ሆኑ። አፍሪካ ግን ብዙም አልተጠቀመችም። ማመልከቻ የሚቀበሉትና ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉት ቢሮዎች በአብዛኛው አውሮፓ ውስጥ ስለነበሩ ነጥብ ያለው አፍሪካዊ ነጥቡን የሚያስቆጥርበት ደጅ ሩቅ ነበር። የእኛም ሰዎች ከአብዮቱ በኋላ ካናዳ መግባት ሲጀምሩ አብዛኞቹን ያስገባቸው የስደተኝነት ጥገኝነትና የቤተሰብ መንገድ እንጂ የባለሙያ ሠንጠረዥ አይደለም።

ማለፍ ብቻ የማይበቃበት ዘመን

በ2002 አዲስ ሕግ ሲወጣ የሹሙ የግል ግምገማ ተሰረዘ። በምትኩ እንደ ትዳር ጓደኛ ትምህርት ወይም በካናዳ ያለ ዘመድ ያሉ በሰነድ የሚረጋገጡ ነገሮች ገቡ። ማለፊያው መጀመሪያ 75 ተደርጎ በ2003 ወደ 67 ዝቅ አለ። ሕጉ ማለፊያውን የደረሰ ሁሉ ጉዳዩ እንዲታይለት መብት ስለሰጠው ማመልከቻው ከቢሮዎቹ አቅም በላይ ሆነ፤ በ2008 በባለሙያ ዘርፍ ብቻ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ከ600,000 አልፎ ነበር። ነጥባቸው የሞላ ሰዎች መልስ ሳያገኙ አምስትና ስድስት ዓመት ቆዩ። በ2012 መንግሥት ከፌብሩዋሪ 27 ቀን 2008 በፊት የገቡትንና ያልተወሰነባቸውን፣ ቤተሰብን ጨምሮ የ280,000 ያህል ሰዎችን ጉዳይ በሕግ ሰርዞ ክፍያቸውን መለሰ። ልጆቹን ፈረንሳይኛ ሲያስጠና፣ ቤት ከመግዛት ሲቆጠብ የከረመ ቤተሰብ የተመለሰለት የማመልከቻው ክፍያ ብቻ ነው፤ የጠፋውን ዕድሜ የሚመልስ አልነበረም።

ከዚህ ትርምስ በኋላ ጃንዩዋሪ 1 ቀን 2015 ኤክስፕረስ ኤንትሪ የተባለው አሠራር ጀመረ። አሁን 67 ነጥብ የሚያስገኘው ወደ አመልካቾች ገንዳ መግባትን ብቻ ነው። ገንዳው ውስጥ እያንዳንዱ አመልካች ከ1,200 በሚታሰብ ሌላ ነጥብ ከሌሎቹ ጋር ይደረደራል፤ መንግሥት በየጊዜው ከላይ ጀምሮ የሚፈልገውን ያህል ይጠራል። ዱሮ እንደ መንጃ ፈቃድ ፈተና ያለፈ ሁሉ ያልፍ ነበር፤ አሁን ግን የአንዱ ዕጣ ከጎኑ በተሰለፉት ይወሰናል።

የልዩነቱን ስፋት ሁለት ዙሮች ያሳያሉ። ጃንዩዋሪ 31 ቀን 2015 በተደረገው የመጀመሪያ ዙር ለመጠራት ቢያንስ 886 ነጥብ ያስፈልግ ነበር። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2021፣ በኮቪድ ምክንያት ድንበር ተዘግቶ ሳለ፣ እዚያው ካናዳ የሠሩ ሰዎችን የሚመለከተው ዙር እስከ 75 ነጥብ ወርዶ 27,332 ሰዎችን ጠራ። በስድስት ዓመት ውስጥ የሰዎች ችሎታ በዚህ መጠን አልወረደም፤ የተለወጠው የካናዳ ችግር ነው።

የአንድ አመልካች ስሌት

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። የ29 ዓመት ያላገባች ኢንጂነር፣ የመጀመሪያ ዲግሪና የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ አላት እንበል፤ የካናዳ ልምድም ቅጥርም የላትም። አይኤልቲኤስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ተፈትና በአራቱም ክፍል 6 አመጣች። ይህ ለዘርፉ ዝቅተኛውን የቋንቋ ደረጃ ያሟላል፤ ብዙዎች እዚህ ላይ “አለፍኩ” ብለው ያርፋሉ። ሲደመር ግን ለዲግሪው 21፣ ለቋንቋው 16፣ ለልምዱ 11፣ ለዕድሜው 12፣ በድምሩ 60 ነው። ቶሮንቶ እህት ብትኖራት እንኳ 5 ተጨምሮ 65 ይሆናል፤ ገንዳው ውስጥም አትገባም።

ይህችው ሴት ተዘጋጅታ በማዳመጥ 8፣ በንባብ፣ በጽሑፍና በንግግር 7 ብታመጣ የቋንቋው ነጥብ 24፣ ድምሩ 68 ሆኖ ትገባለች። ትልቁ ትርፍ ግን ገንዳው ውስጥ ነው። በቀድሞው ውጤቷ ብትደረደር 336 ነጥብ ይኖራት ነበር፤ በአዲሱ 429 ይኖራታል። እዚያ ቋንቋ የሚቆጠረው ለብቻው ብቻ አይደለም፤ ዲግሪውና የውጭ አገር ልምዱ የሚያስገኙትንም ተጨማሪ ነጥብ ከፍ ያደርጋል። ዘጠና ሦስቱ ነጥብ የመጣው በአንድ ፈተና ነው። በተቃራኒው 34 ዓመት እስኪሞላት ብትቆይና ሌላው ባይለወጥ ዕድሜ 27 ነጥብ ይወስድባታል።

ወረቀቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከ2013 ጀምሮ በውጭ የተገኘ ዲግሪ በታወቀ ተቋም መገምገም አለበት፤ ገምጋሚዎቹም በብዙ ሁኔታ ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ። የእኛ ተመራቂ ከዚያ በፊት የወጪ መጋራት ዕዳውን መጨረስና የሬጅስትራር ደጅ መጥናት ይኖርበታል። የአይኤልቲኤስ ውጤት ደግሞ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ፈተናውን ወስዶ ወረቀቱን በኋላ ማሯሯጥ ያስከስራል። ዕድል ብቻ ይበቃዋል በሚባለው የዲቪ ሎተሪ ለኖርነው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ እዚህ የሚረዳው አስቀድሞ ማቀድ ነው።

ነጥብ ሰጪው ማን ነው?

የብሪታንያው ሥርዓት ስሙ ተመሳሳይ ቢሆንም ጠባዩ ሌላ ነው። ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ባለሙያ 70 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ ከዚህ ውስጥ 50ው ፈቃድ ካለው ቀጣሪ በተሰጠ ሥራ፣ በሥራው ደረጃና በእንግሊዝኛ የሚገኝ የግዴታ ነጥብ ነው። የቀረው 20 በዋናነት ከደመወዝ ይመጣል፤ ዋናው የደመወዝ ወለል በኤፕሪል 2024 ወደ 38,700፣ በጁላይ 2025 ወደ 41,700 ፓውንድ ከፍ ብሏል። ቀጣሪ የሌለው ሰው ሦስተኛ ዲግሪ ቢይዝም በዚህ መንገድ መነሻ እንኳ የለውም። ስለዚህ “የነጥብ ቪዛ” የሚለውን ስም ሰምቶ የካናዳውን ስሌት ለለንደን የሚያሰላ ሰው ገና ከጅምሩ ይስታል፤ ስሌቱን ለሁለቱም አገር እኩል ያስመስለው ደላላ ካለም ወይ አያውቅም ወይ እያጭበረበረ ነው።

ካናዳም ብትሆን ወደ ምርጫው እጅ ተመልሳለች። በ2008 ሚኒስትሩ የትኛው ማመልከቻ እንደሚቀድም በመመሪያ የመወሰን ሥልጣን አገኘ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የግንባታ ሙያተኞች እየተባለ በምድብ ይጠራል፤ ተፈላጊው ምድብ ውስጥ ያለ ሰው በነጥብ የሚበልጠውን ቀድሞ ሊጠራ ይችላል። ማርች 25 ቀን 2025 ደግሞ ለሥራ ቅጥር ይሰጥ የነበረው 50 ወይም 200 ነጥብ ከድርደራው ቀረ፤ አንዱ ምክንያት የሐሰት የቅጥር ወረቀት ሽያጭ መስፋፋቱ ነው። በዚህ ነጥብ ተማምነው ገንዘባቸውን ለወረቀት ያፈሰሱ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ከቪዛው ወዲያም ሠንጠረዡ የማይደርስበት ሌላ በር አለ። ለሐኪሙ በዲግሪው ነጥብ የሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ እንዲያክም የሚፈቅድለት ግን የክፍለ ሀገሩ የሙያ ፈቃድ ሰጪ አካል ነው። ሁለቱ ሳይናበቡ ለአሥርታት በመኖራቸው በነጥባቸው የገቡ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ታክሲ ሲነዱ ኖረዋል። ኦንታሪዮ በ2021 ባወጣችው ሕግ ከጤና ውጭ ባሉ ብዙ ሙያዎች የካናዳ የሥራ ልምድ እንደ ቅድመ ሁኔታ እንዳይጠየቅ ከልክላለች፤ ይህም የመጣው የነጥብ ሥርዓቱ ከተጀመረ ከ54 ዓመት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ የ1967ቱን ለውጥ ዋጋ አያሳጣም። ያኔ በቆዳው የሚመለስ ሰው ዛሬ ቁጥሩን አይቶ የት እንደጎደለው ያውቃል፤ የሚሞላውንም መርጦ ይሞላል። ለአመልካቹ የሚበጀው ግን ቁጥሩን በሁለት ዓይነት መያዝ ነው። ቋንቋና ሰነድ በእጁ ናቸው፤ ከእነሱ ይጀምር። የመጥሪያው ነጥብ፣ የሚፈለገው ሙያና የቅጥር ነጥብ በእጁ አይደሉም፤ ባለፈው ዓመት ደንብ ተማምኖ ሥራውን አይልቀቅ፣ ቤቱንም አይሽጥ። 60 ነጥብ አግኝቶ የቀረም ሰው የተነገረው በሙያው ምን ያህል እንደሚረባ አይደለም፤ ካናዳ በዚህ ዓመት ምን እንደምትፈልግ ነው። የእሱን ዋጋ አገሩ ላይ በሠራው ሥራ የሚያውቁት ሌሎች ናቸው።