ሮንዴላ አቀብሉኝ

ባለፈው እሁድ ረፋድ ላይ ከአንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ስር ሁለት እግሮች ብቻ ወጥተው ይታዩ ነበር። ከእግሮቹ ወዲያ ካለው ጨለማ «ሮንዴላ አቀብሉኝ!» የሚል ድምፅ መጣ። እኛ አራት ሆነን ቆመናል። አራታችንም ዲግሪ አለን። ተያየንና ከብረት ክምሩ ውስጥ ደህና የመሰለንን አንስተን አቀበልን።

«ይሄ ዳዶ ነው ልጆቼ። ሮንዴላ ነው ያልኳችሁ፤ ስስ ቀለበቷን» አሉ ጋሼ፣ ሳይቆጡ።

ነገሩ ወዲህ ነው። መኪናዋ የአንዳችን አባት ናት። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች፣ 60 ሲሪስ የምትባለው ቀጥ ያለ ፊት ያላት ላንድክሩዘር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍታ ሞተር። ከዓመታት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ነው የተገዛችው። ጋራዥ መግባት ኪስ የሚያራቁት ሆኗልና «ዘይትና ፊልትሮ መቀየር ምን ይከብዳል?» ብለን ተነሳን። ዘይቱን በሰላም ቀየርን። (አንድ ሱሪ ተሠውቷል።) የናፍታ ፊልትሮውንም ቀየርን። ከዚያ ቁልፉን ስናዞር ሁለቴ አሳላትና ጸጥ አለች። በዚያው ቀረች። ባትሪው እስኪደክም ሞከርን፤ ወይ ፍንክች!

ጡረታ የወጡት ጎረቤት መካኒክ የተጠሩት በዚህ ጊዜ ነው። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ «አየር አስገብታችሁባታል» አሉ። ከዚያ ነገሩን ከማስተካከላቸው በፊት «እስቲ ታችዋንም ልያት» ብለው ገቡ። እኛም አቀባይ ሆንን።

ያን ቀን ከመኪናው ይልቅ ቃላቱ ያዙን። ጋሼ ሲናገሩ ልብ ብላችሁ ብትሰሙ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ፦ «የባሌስትራው ጎሚኒ አልቋል፤ ክሪኩን ከፍ አድርጊና ዳዶውን ላላ፣ ማርሚታውንም እሰሪው።» በዚህ ሁሉ ውስጥ አማርኛ የሆኑት ግሶቹ ናቸው። ማለቁ፣ ከፍ ማድረጉ፣ ማላላቱ፣ ማሰሩ የእኛ ነው። ስሞቹ በሙሉ የጣሊያን ናቸው። ዕቃው ደግሞ የጃፓን!

ቤት ገብተን የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ስናገላብጥ አመሸን። ካንዴላ ሻማ ነው። ፍሬቻ ቀስት ነው (ለመታጠፍ ቀስት ታሳያለህ ማለት ነው፤ ታክሲዎቻችን ግን ቀስቱን ረስተውታል)። ፍሪሲዮን መፋተግ፣ ስኮርት መጠባበቂያ፣ ኮፈን ሳጥን። ማርሚታ ትልቅ የወጥ ድስት ነው። ባሌስትራ ደግሞ የድሮ ወታደር ቀስት መወርወሪያ፤ ከመኪናው ስር ተደራርበው የጎበጡትን ብረቶች ላየ ሰው እውነትም ይመስላሉ። ፖርቶ መጋላ ዕቃ መሸከሚያ ነው፤ ከፖርታባጋሊ ተነስቶ እኛ አፍ ላይ ሲደርስ የሐረር ገበያ ስም መስሎ ቁጭ ብሏል። ናፍታ ራሱ የእነሱ ነው። ከሁሉ የገረመን ግን ትልቁ ቃል ነው፦ መኪና። ማኪና፤ ማለትም ማሽን። «የስፌት መኪና» የምንለው ለካ በትክክል ነው።

ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ግን ኢትዮጵያ የገባው በጣሊያን ወረራ አይደለም። በ1900 ዓ.ም ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ ሲድሌይ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ደርሶ ለዳግማዊ ምኒልክ አቅርቧል። ሹፌርና ጋራዥን የመሳሰሉ ቃላትም የፈረንሳይ ናቸው። ስለ መንዳት ሲሆን ፈረንሳይኛ፣ ስለ መጠገን ሲሆን ጣሊያንኛ። ለምን?

ጣሊያን ከ1882 ዓ.ም ጀምሮ ኤርትራን ቅኝ ገዝቷል፤ ከ1928 እስከ 1933 ደግሞ መላ አገሪቱን ለመያዝ ሞክሯል። በእነዚያ አምስት ዓመታት ጦሩንና ቀለቡን የሚያጓጉዙት ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪኖች ነበሩ፤ ለእነሱ ተብሎም መንገድ በየተራራው ተቆረጠ። ጣርማ በር ላይ ያለው ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ድንጋይ ላይ የሚሄድ መኪና ይሰበራል፤ የተሰበረ መኪና ጠጋኝ ይፈልጋል። ፋሺስት ሥርዓት ግን ለ«ተወላጁ» ሙያ በወግ የማስተማር ሐሳብ አልነበረውም። በኤርትራ እንኳ የአገሬው ልጅ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ይቆም ነበር። ሐበሻው ጋራዥ የሚገባው በጉልበት ሠራተኛነት፣ በረዳትነት ነው። ረዳት ደግሞ ምን ያደርጋል? ያቀብላል።

እንግዲህ የእኛ ግምት ይኸውና (የቋንቋ ሊቃውንት ካላችሁ ታረሙናላችሁ)፦ ከመኪና ስር የተኛው ጣሊያን የሚጮኸው የዕቃውን ስም ነው። ፒንሳ! ካቻቢቴ! ዳዶ! ልጁ ስሙን ካላወቀ ይሰደባል ወይም ይባረራል። ስለዚህ ስሙን በአንድ ቀን ያጠናል። ግሱን ግን ማንም አይነግረውም፤ እጁን አሻግሮ እያየ ራሱ ይደርስበታል፣ ያየውንም በገዛ ቋንቋው ይጠራዋል። ፈታ፣ አጠበቀ፣ አላላ፣ ነቀለ፣ ገጠመ። የተነገረው በጣሊያንኛ፣ የተሰረቀው በአማርኛ ቀረ። ካቻቢቴን እንኳ ሌላው ሕዝብ «ጠመንጃ መፍቻ» ብሎ የራሱን ስም አውጥቶለት ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ ያለው ግን ስም ለማውጣት ጊዜ አልነበረውም።

ከ1933 በኋላ ጦሩ ሲወጣ ባለሙያዎቹ በሙሉ አልሄዱም። ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ሙያ ያላቸው ጣሊያኖች እንዲቆዩ ይፈልጉ ስለነበር ብዙዎች ቀርተው ጋራዥና ወርክሾፕ ከፈቱ። የትናንቱ አቀባይም ቀስ በቀስ ራሱ ስር የሚተኛ ሆነ፤ ከጎኑም ሌላ አቀባይ ቆመ። ጋሼ ሙያውን የተማሩት ከእንዲህ ዓይነት ሰው ነው። በመጽሐፍ ሳይሆን በጩኸት።

ላንድክሩዘር የመጣችው ቃላቱ ተዘጋጅተው ከጠበቋት በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ታሪኳ እ.ኤ.አ. በ1951 ይጀምራል፤ ያኔ ስሟ ቶዮታ ጂፕ ቢጄ ነበር። በዚያው ዓመት የፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጥታ የጃፓን ፖሊስን አስደመመች። «ጂፕ» የሚለው ስም የአሜሪካኖቹ በመሆኑ ጣጣ ስላመጣ በ1954 ላንድክሩዘር ተባለች፤ ከእንግሊዞቹ ላንድሮቨር እንዳታንስ ተብሎ የተመረጠ ስም ነው። ወደ እኛ ስንመጣ በ1977 ድርቅ ዘመን በየእርዳታ ጣቢያው የቆመችውን ነጭ መኪና ከፎቶግራፎቹ የማያውቅ የለም። የመሥሪያ ቤት መኪና ስታረጅ በጨረታ ትወጣለች፤ ከዚያ ነጋዴው፣ ገበሬው፣ የጓደኛችን አባት ይገዟታል።

እንደኛ ላለ ጀማሪ የምትመች መኪና ናት። በ60 ሲሪሷ ናፍታ ሞተር ላይ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። የናፍታ ሞተር የካንዴላ እሳት አይፈልግም፤ ፓምፑ ናፍታውን በከፍተኛ ግፊት ይረጫል፣ በመታመቅ የጋለው አየር ያቀጣጥለዋል። እኛ ፊልትሮውን ስንቀይር በባዶው ቦታ አየር ገባ። አየር ደግሞ ይታመቃል እንጂ ናፍታ እንደሚገፋ አይገፋም፤ ፓምፑ ቢለፋ ግፊቱ ከንቱ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጋሼ 14 ቁልፍ ይዘው ብሎኑን ትንሽ አላሉና «በእጅ ፓምፑ ግፊ፣ አትቸኩይ» አሉ። ገፋን። መጀመሪያ አረፋ ወጣ፣ ከዚያ አረፋና ናፍታ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ናፍታ። አጠበቁት። ባትሪዋን ከጎረቤት መኪና አበደርናት፤ ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሳች። የጓደኛችን አባት ከበረንዳው ሆነው ምንም አላሉም፤ ጋዜጣቸውን ግን አጥፈዋል።

ለእሳቸው ይህቺ መኪና ቅንጦት አይደለችም። ሌላ መግዛት የማይታሰብ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ለአየሩም ለውጭ ምንዛሪውም ይበጅ ይሆናል፤ አንከራከርም። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን ካንዴላ የለም፣ ማርሚታ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ ሰልባቲዮ የለም። ድስቱም ሻማውም ቀርቷል። ቀድሞ የገቡት መኪኖች ግን ገና ዓመታት መሄድ አለባቸው፤ እነሱን በጆሮ የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ እያረጁ ነው። የሚያውቁትን የጻፈ ደግሞ እስካሁን አላጋጠመንም።

ስለዚህ ባለ አንድ ብር እስክሪብቶ ዘመን እንደነበረው ደብተር ገዛን። በግራ ጋሼ የሚጠሩት ስም፣ በቀኝ ዕቃው የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ። እስካሁን 63 ቃል ደርሰናል። ባሌስትራ የጦር መሣሪያ ስም መሆኑን ስንነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ የኔ ጌታ ይህን ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ነግሮኝ አያውቅም» አሉ። የኔ ጌታ የሚሉት ያስተማራቸውን ሰው ነው።

ከመሄዳቸው በፊት ከኪሳቸው የቫልቭ ክፍተት የሚለካበትን ስስ ብረት አወጡ። በላዩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት፤ አቀረቡት፤ አራቁት። ከዚያ ለአንዳችን ሰጧት።

«እስቲ አንብቢልኝ። ለሚቀጥለው እሁድ የምንፈልገው እሱ መሆኑን ልወቅ።»