አሥራ ሁለት ወይስ አሥራ ሦስት፦ የግማሽ ኢንች ብሎን ታሪክ

ሁለት ብሎኖች ጎን ለጎን ይቀመጡ። ሁለቱም የግማሽ ኢንች ብሎን ይባላሉ፤ በካሊብሮ ሲለኩም ሁለቱም 12.7 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናሉ። ይሁን እንጂ የአንደኛው ዳዶ በሌላው ላይ ሲጠመዘዝ ጥቂት ዙር ሄዶ ይነክሳል። በጉልበት ቢታሰር ጥርሱ ይላጫል። ምክንያቱ አጭር ነው፤ አንደኛው በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 12 ጥርስ ያለው የእንግሊዝ ዊትወርዝ ሲሆን፣ ሌላው 13 ጥርስ ያለው የአሜሪካ ሴለርስ ነው። ይህች የአንድ ጥርስ ልዩነት በ1864 ተፈጥራ በስምምነት የተወገደችው በ1948 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በፊት ችግሩ የሁለት አገሮች ሳይሆን የእያንዳንዱ ፋብሪካ ነበር። እያንዳንዱ ባለ ወርክሾፕ ብሎኑን በራሱ ልክ ስለሚያወጣ፣ የጠፋ ዳዶ የሚተካው ማሽኑ በተሠራበት ቤት ብቻ ነበር። በሄንሪ ሞድስሌ ወርክሾፕ ትክክለኛ ሥራን የተማረው ጆሴፍ ዊትወርዝ ከብዙ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ብሎኖችን ሰብስቦ እርስ በርሳቸው አነጻጸረና አማካያቸውን ወሰደ። በ1841 ለለንደን የሲቪል መሐንዲሶች ተቋም ባቀረበው ጽሑፍ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ ጫፉና ሥሩም ክብ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ። 55 የተባለው ቁጥር ከስሌት የተገኘ አይደለም፤ በየቤቱ ይሠራበት የነበረው አማካይ ነው። የዊትወርዝ ጥበብም እዚህ ላይ ነው፤ ማንንም አሸናፊ ሳያደርግ ሁሉም ጥቂት ጥቂት እንዲለቁ ጠየቀ።

ከ23 ዓመት በኋላ ዊልያም ሴለርስ የተባለው የፊላደልፊያ የማሽን ሠሪ ይህንኑ አማካይ ተቃወመ። በ1864 በፍራንክሊን ኢንስቲትዩት ያሰማው ክርክር የዊትወርዝ ብሎን ደካማ ነው የሚል ሳይሆን፣ ለመሥራትና ለመመርመር ያስቸግራል የሚል ነበር። 60 ዲግሪ ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ማዕዘን ስለሆነ ኮምፓስና ማስመሪያ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ሊነድፈው ይችላል፤ 55ን ግን እንዲህ በቀላሉ ማንም አይነድፈውም። ክብ የሆኑ ጫፍና ሥር በሚገባ እንዲገጣጠሙ ማድረግም አድካሚ ነው፤ ስለዚህ ሴለርስ ሁለቱንም ጠፍጣፋ አደረጋቸው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1868 ተቀበለው።

የሚያስገርመው፣ ሴለርስ ለተለመዱት መጠኖች የጥርሱን ብዛት የመረጠው ከዊትወርዝ ጋር አንድ አድርጎ መሆኑ ነው፤ ለሩብ ኢንች 20፣ ለሦስት ስምንተኛ 16፣ ለአንድ ኢንች 8። ጎልቶ የተለየው ግማሽ ኢንቹ ነው። ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት በአንደኛው 2.117፣ በሌላው 1.954 ሚሊሜትር በመሆኑ፣ ስድስት ጥርስ ሲኬድ ልዩነቱ ወደ አንድ ሚሊሜትር ይጠጋል፤ የሚነክሰውም በዚህ ነው። ሆኖም ከሚነክሰው ብሎን ይልቅ የሚያሰጋው የሚገባው ነው። የሦስት ስምንተኛ ኢንች ዊትወርዝ ብሎን ወደ ሴለርስ ዳዶ ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን የ55 ዲግሪ ጎን በ60 ዲግሪ ጎን ላይ ተደግፎ አይተኛም፣ በጠርዙ ብቻ ይነካዋል። የታሰረ መስሎ ይታያል እንጂ ጭነቱን የሚሸከመው ገጽ እጅግ ጥቂት ነው።

ካሊብሮ ይህን አያሳይም፤ የሚያነበው የውጭውን ዲያሜትር ነውና። ጭነት የሚያርፈው በጥርሱ ጎን ላይ ስለሆነ ዋናው ልክ የጥርሱ ውፍረትና የክፍተቱ ስፋት እኩል የሚሆኑበት፣ በዓይን የማይታየው ዲያሜትር ነው። እርሱን ለማግኘት ልካቸው የታወቀ ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ሁለቱ በአንድ ወገን አንዱ በሌላው ወገን፣ በጥርሶቹ መካከል ይገቡና በላያቸው ማይክሮሜትር ይያዛል። ተስማሚው ሽቦ ለ60 ዲግሪ ጥርስ የርቀቱ 0.577፣ ለ55 ዲግሪ 0.564 እጅ ነው። እንግዲህ የጥርሱን ዘር አስቀድሞ ያላወቀ ሰው በትክክል ሊለካው አይችልም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የልዩነቱ ዋጋ በግልጽ ታየ። የፓካርድ ኩባንያ በ1940 ሮልስ ሮይስ መርሊን የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በዲትሮይት ለመሥራት ሲዋዋል፣ ክፍሎቹ ከእንግሊዞቹ ጋር እንዲለዋወጡ የእንግሊዝን ጥርስ መጠበቅ ግድ ሆነበት፤ የጥርስ ማውጫ መሣሪያዎቹንም ራሱ እስከ መሥራት ደረሰ። ከ55 ሺህ በላይ ሞተሮችም በዚህ ሁኔታ ተሠሩ።

ኅዳር 18 ቀን 1948 በዋሽንግተን አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ በአንድ የጥርስ ደረጃ ላይ ፈረሙ። ማዕዘኑ የሴለርስ 60 ዲግሪ፣ የግማሽ ኢንቹም ጥርስ 13 ሆነ። ዊትወርዝ ግን ፈጽሞ አልተሸነፈም፤ ጭነት ሲፈራረቅ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ሥር ነውና፣ ክብ ሥር በአዲሱ ደረጃ ቦታ አገኘ። የሜትሪኩም ጥርስ በ1898 በዙሪክ ጉባኤ 60 ዲግሪን መርጦ ስለነበር፣ የኢንቹና የሚሊሜትሩ ቅርጽ ከዚያ ወዲህ አንድ መሠረት አላቸው። የእንግሊዝ ደረጃዎች መሥሪያ ቤት በ1965 ዊትወርዝ ወደ መተው እንዲሄድ አሳወቀ።

ብሎን፣ ዳዶና ካቻቪቴ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ቃላት ናቸው፤ ኢንች ደግሞ ከእንግሊዞች። በወርክሾፕ አንደበት ሁለቱ ያለ ጠብ ይኖራሉ፤ በቱቦ ሥራ ደግሞ ኢንች ገና አልተነቀለም። የ55 ዲግሪው የዊትወርዝ ጥርስ በዓለም አቀፍ የቱቦ ደረጃዎች ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። «ግማሽ ኢንች» የሚባለው የቱቦ ጥርስ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ አለው፤ ስሙን የወሰደው ከቀድሞው ቱቦ የውስጥ ስፋት ሲሆን፣ የውጭ ዲያሜትሩ 20.955 ሚሊሜትር ነው።