ለገሃርና ካዛንቺስ፦ ዕድገቱን የሚያውጀውና ጉዳቱን የሚሸከመው

ለገሃር የሚለው ስም የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ «ላ ጋር» ማለት ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። ካዛንቺስ ደግሞ የጣሊያን ወረራ ትቶት የሄደ ስም ነው። በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ «ኢንቺስ» የተባለ ተቋም ነበር፤ እሱ ያሠራቸው ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ፣ የአዲስ አበባ አፍ ካዛንቺስ አደረጋቸው። ሁለቱም ሠፈሮች ስማቸውን ያገኙት ነዋሪው ካልመከረበት ውሳኔ ነው። አንዱ የባቡር ውል፣ ሌላው የወራሪ መንግሥት የቤት ፕሮግራም።

ነገሩ በስም ብቻ ቢቀር ምንም አልነበረም። የእነዚህ ሁለት ሠፈሮች የመቶ ዓመት ታሪክ ግን ከአንድ ጥያቄ አልወጣም፦ ከተማው እንዴት ይደግ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? በዕድገቱ ምክንያት የሚደርሰውን ጉዳትስ የሚሸከመው ማን ነው? በየዘመኑ የወጣው ሕግ የመጀመሪያውን ጥያቄ በግልጽ መልሷል። ሁለተኛውን ግን በይደር አቆይቶታል።

ከባለርስት እስከ ማዘጋጃ ቤት

በአዲስ አበባ መሬት በግል ይዞ የባለቤትነት ማስረጃ ማግኘት በሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1907 ዳግማዊ ምኒልክ ባወጡት የመሬት ደንብ ነው። ከዚያ በፊት ከተማዋ በሰፊው በመኳንንቱና በጦር አለቆች ሠፈር የተከፋፈለች ነበረች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬም የቆመው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ ሲመጣ በዙሪያው መጋዘኑ፣ ሆቴሉ፣ የነጋዴው ሱቅና የሠራተኛው ሠፈር ተከተለ። የቦታው ዋጋም አብሮ ወጣ።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ከተሞች ከንቲባና ምክር ቤት እንዲኖራቸው አደረገ። በምክር ቤቱ ከነዋሪው ወገን የሚቀመጡት ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ያላቸው ነበሩ። አብዛኛው የከተማ ሰው ደግሞ ተከራይ ነበር። ቤት የሌለው ድምፅ አልነበረውም።

የመድን ሥራም የመጣው በዚሁ ዘመን፣ በዚሁ መደብ በኩል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መድን ውል በዝርዝር ደነገገ፤ የዚያ ሕግ የመድን ክፍል እስከ ዛሬ ይሠራል። መሠረቱ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዕቃውን መድን የሚያስገባው ሰው ዕቃው ሳይጠፋ መቆየቱ የሚጠቅመው መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የሚከፈለው ካሣ ከጠፋው ንብረት ዋጋ አይበልጥም። በወረቀት ሲነበብ ለሁሉም ክፍት ነው። በተግባር ግን ወደ መድን ኩባንያ የሚሄደው ካርታ ያለው፣ ከባንክ የተበደረ፣ መጋዘን የሞላ ሰው ነበር።

1967፦ ቤቱም መድኑም የመንግሥት ሲሆን

1967 ዓ.ም. ሁሉንም ገለበጠ። በታኅሣሥ ወር 13 የግል መድን ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በቀጣዩ ዓመት በአዋጅ ቁጥር 68 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ፤ ለመኖሪያ የሚሰጥ ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ተወሰነ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት በኋላ «ኪራይ ቤቶች» ተብሎ በተጠራው መሥሪያ ቤት ሥር ገቡ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ።

ለተከራዩ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ መካድ አይገባም። በአከራይ ፊት አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሰው ከማባረር ዳነ። ቀበሌውም የፍርድ ሸንጎ ያለው፣ ኪራይ የሚሰበስብ፣ ሱቅ የሚከፍት የሠፈር መንግሥት ሆነ። በኢትዮጵያ ታሪክ ለታችኛው የከተማ እርከን ይህን ያህል ንብረት በአንድ ቀን የተሰጠበት ሌላ ጊዜ የለም።

የተሰጠው ግን ንብረቱን የመጠበቅ አቅም ሳይጨመርበት ነው። ኪራዩ ለዓመታት ባለበት ቆመ። በአምስትና በአሥር ብር ኪራይ የጭቃ ግድግዳ አይታደስም፣ ጣሪያ አይለወጥም። ቀበሌው ባለቤት ሳይሆን አስተዳዳሪ ነው፤ ተከራዩም ባለቤት ስላልሆነ በራሱ ገንዘብ ቢያድስ ያወጣው ገንዘብ መብት አይሆነውም። ባለቤቱ መንግሥት ደግሞ ሩቅ ነው። በሦስቱ መካከል ቤቱ አረጀ። ዛሬ ቂርቆስና ካዛንቺስ «የፈራረሱ መንደሮች» ሲባሉ፣ ያፈራረሳቸው የነዋሪው ስንፍና ብቻ ሳይሆን የሕጉ አሠራር መሆኑ መነገር አለበት።

መድንን በተመለከተም ክፍተቱ ያው ነው። የመድን ድርጅቱም ቤቱም የአንድ መንግሥት ነበሩ፤ ሆኖም የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱ ቢቃጠልበት የሚተማመነው በዕድሩና በጎረቤቱ ነበር። እስከ ዛሬም ቢሆን ሕግ አስገድዶ መድን የሚያስገባው መኪናን ነው። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559፣ በኋላም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ያለው መኪና በለገሃር አደባባይ ሲያልፍ፣ ከአጥሩ ኋላ ያለው ቤት ምንም ዋስትና የለውም።

ሊዝ፦ የቦታው ዋጋ ሲመለስ

ደርግ ወድቆ በ1986 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች በወራት ልዩነት ወጡ። አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ አደረገ፤ አዋጅ ቁጥር 86 የመድን ሥራን ለኢትዮጵያውያን የግል ባለሀብቶች ከፈተ። ገበያው በሁለት በር ተመለሰ ማለት ነው። መሬቱ ግን አልተመለሰም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የማይሸጥ የማይለወጥ ሀብት ነው አለ፤ በመሬቱ ላይ ለተገነባ ንብረት ግን ሙሉ መብት ሰጠ፣ መንግሥት ንብረቱን ሲወስድም ተመጣጣኝ ካሣ አስቀድሞ እንዲከፍል አዘዘ።

እዚህ ላይ ነው ቋጠሮው። ሊዙ ለቦታው ዋጋ ይሰጣል፤ ዋጋውን የሚሰበስበው ግን መንግሥት ነው። የካሣ ሕጉ፣ ማለትም በመጀመሪያ የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455፣ በኋላም የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161፣ የሚተምነው ግንባታውን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ወጪ ነው። ለጣቢያው ቅርብ መሆን፣ ለሥራ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለገበያ በእግር መድረስ በካሣው ውስጥ ዋጋ የለውም። የ2011ዱ አዋጅ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሣ መጨመሩ፣ ነዋሪው ከመነሣቱ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ እንዲመከር ማለቱ እውነተኛ እርምጃ ነው። ሆኖም ጊዜው ሊያጥር የሚችልበትን በር ክፍት ትቷል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ባለንብረት ስላልሆነ ከካሣው ዋና ክፍል ውጭ ነው፤ የሚሰጠው ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ዕድል ነው። መሬቱ የሕዝብ ነው ቢባልም ለዚህ ሰው ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖበታል።

የግል መድንም ይህን ክፍተት አይሞላም። በተለመዱት የእሳት አደጋ ውሎች በመንግሥት ትእዛዝ የሚደርስ ውርስና መውሰድ ከሽፋን ውጭ ነው። ለከተማ ነዋሪ ትልቁ ሥጋት እሳት ሳይሆን አዋጅ ሲሆን፣ የሚሸጥለት መድን የለም። መድኑ የካሣ ሕጉ ራሱ ነው።

ከተማው የሚያስፈጽመው፣ ከተማው የማያወጣው ሕግ

የአዲስ አበባ አስተዳደር በዚህ መሀል የት ይቆማል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶት ተጠሪነቱን ለፌዴራል መንግሥት አድርጓል። ስለ መሬት ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የከተማ ፕላን አዋጁም፣ ሊዙም፣ የካሣውም ሕግ የፌዴራል ነው። ከተማው ያስፈጽማል። ከከተማው በታች ክፍለ ከተማው፣ ከክፍለ ከተማው በታች ወረዳው አለ። ሰው አቤት ሲል የሚሄደው ወደ ወረዳው ነው፤ ወረዳው ግን ፕላኑን አላወጣም፣ ካሣውን አልተመነም፣ ለድንገተኛ ጉዳት ያጠራቀመው ገንዘብም የለውም። በ1967 ቀበሌው ንብረት ነበረው፣ አቅም አልነበረውም። ዛሬ ወረዳው ሁለቱም የሉትም።

የካሣ አዋጁ ከጸደቀ በኋላ የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ለፌዴራል ፕሮጀክቶች ጭምር ካሣ የመክፈሉን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተሞች አወረደ። መነሻው ይገባል፤ የፌዴራል መንገድ ሥራ በካሣ ጥያቄ ብዛት ይቆም ነበር። ግን ውጤቱ ይታይ፦ ፕሮጀክቱን የሚወስነው ከላይ፣ ሂሳቡን የሚከፍለው ከታች።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. የለገሃር የተቀናጀ ልማት ይፋ ሲሆን የአቡዳቢው ኢግል ሂልስ 360 ሺህ ካሬ ሜትር ላይ ዘመናዊ መንደር እንደሚገነባ፣ አሮጌው ጣቢያ በቅርስነት እንደሚጠበቅ፣ በቦታው የሚኖሩ ሰዎችም ከአካባቢያቸው ሳይወጡ ቤት እንደሚያገኙ ተነገረ። የመጨረሻው ቃል ከሁሉም የሚበልጥ ነበር፤ ከ1986 ወዲህ ቦታን እንደ መብት የቆጠረ ሐሳብ ስለነበር። ችግሩ ሐሳቡ የአንድ ፕሮጀክት ቃል ኪዳን እንጂ የሁሉም ሕግ አለመሆኑ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። ያገኙት ቤት ከቀድሞው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ለሥራና ለደንበኛ የነበራቸው ቅርበት ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ አልተሞላም። ጎረቤት ሠፈሮች በሁለት ሚዛን ተመዘኑ።

ከሩቅ የሚታይ ትምህርት

የሌላ አገር ታሪክ እዚህ ላይ ይረዳል። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ1985 የዕድገት አስተዳደር ሕግ አወጣች፤ ሕጉ እያንዳንዱ ከተማ ፕላን እንዲያወጣ፣ መንገዱና ውሃው ሳይዘጋጅ አዲስ ግንባታ እንዳይፈቅድ ያስገድድ ነበር። በ1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡቡን ሲያፈርስ በርካታ መድን ኩባንያዎች ከሰሩ። ግዛቲቱ በ2002 «ሲቲዝንስ» የተባለ የራሷን መድን ሰጪ አቋቋመች። በ2011 ደግሞ የዕድገት ሕጉን በሰፊው አላላች። ከዚያ ወዲህ የፍሎሪዳ ክርክር አንድ ነው፦ የት እንደሚገነባ የሚፈቅደውና ቤቱ ሲፈርስ የሚከፍለው አካል ሲለያዩ፣ ፈቃጁ አይጠነቀቅም፣ ከፋዩ አይችልም። ነፋሱ ሌላ ነው፤ ሂሳቡ ግን ከለገሃር ሂሳብ አይርቅም።

ግብር ሲመጣ የተገኘ ዕድል

በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። እስከዚያ ድረስ ከተሞች የሚሠሩት በ1968 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 ነበር። አዲሱ ሕግ ከቤቱ በተጨማሪ በመሬት የመጠቀም መብት ላይም ግብር ይጥላል፤ ቦታው ጥሩ ከሆነ ግብሩ ከፍ ይላል።

እንግዲህ መንግሥት የቦታን ዋጋ መቁጠር ይችላል ማለት ነው። ሲያስከፍል የሚቆጥረውን ሲከፍል የማይቆጥርበት ምክንያት ምንድን ነው? ለግብር የተሠራው የንብረት ግምት ለካሣ መነሻ ቢሆን ሁለት ነገር ይከተላል። ባለይዞታው የሚከፍለው ግብር በክፉ ቀን የሚመለስለት መድን ይሆናል። አፍራሹም ከማፍረሱ በፊት ሂሳቡን ያያል። ለቀበሌ ቤት ነዋሪ ደግሞ በለገሃር የተሰጠው ቃል፣ በአካባቢው የመቆየት ምርጫ፣ ከፕሮጀክት ወጥቶ በአዋጅ ይግባ። ከግብሩም ጥቂቱ ለወረዳው ይቅርለት፤ አቤቱታ የሚቀበለው እጅ ባዶውን አይሁን።

ካዛንቺስና ለገሃር መለወጥ የለባቸውም የሚል ካለ የዝናብ ወቅትን በእነዚያ ቤቶች አላሳለፈም። ክርክሩ መለወጡ ላይ አይደለም። የ1967ቱ ሕግ ቤቱን ሰጥቶ ጥገናውን ረሳ፤ የ1986ቱ ለመሬቱ ዋጋ ሰጥቶ ነዋሪውን ረሳ። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት የዕድገትና የካሣ ሕጎች አንድ ላይ ካልታረቁ፣ ቀጣዩ ትውልድ በእነሱ ስም የሚጽፈው ዓረፍተ ነገርም ከእነዚህ ብዙ አይለይም።