ቤቱ የመንግሥት፣ ቅርሱ የግለሰብ፦ በሐረር የራስ ተፈሪ ቤት



ስለ አሮጌ የመንግሥት ሕንፃዎች ስንወያይ «ማን ያድሳቸው?» ብለን መጠየቅ ለምደናል። ዛሬ ግን «ከታደሱ በኋላ ማን፣ ለምን ሥራ ይግባባቸው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ምሳሌዬ በሐረር ጀጎል ውስጥ የሚገኘው የራስ ተፈሪ ቤት ነው።

ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ ሐረር በንጉሥ ምኒልክ ግዛት ሥር ስትጠቃለል የሕንድ ነጋዴዎች በከተማዋ እየበረከቱ ሄዱ። የቤቱ ፎቅ፣ የእንጨት በረንዳውና ቅርጽ የወጣለት በሩ የእነርሱን የአሠራር ስልት ይመሰክራሉ። ስያሜው በ1902 ዓ.ም. የሐረርጌ ገዥ ሆነው ከተሾሙት፣ ኋላ ራስ ከተባሉት ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን የመጣ ነው። ዘመን ሲለወጥ ቤቱ የነዋሪዎች መጠለያ ሆነ፤ ጠጋኝ አጥቶም አረጀ።

በዚያው ከተማ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉ ተወላጅ የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ ጌጣጌጦችንና የድምፅ ቅጂዎችን ለዓመታት ሲያሰባስቡ ቆይተው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው የግል ሙዚየም ከፈቱ። የተጎዱ መጻሕፍትን የመጠገንና የመጠረዝ ሙያም ተማሩ። ስብስቡ ግን ከቤታቸው አቅም በላይ ሆነ።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ብዙም ሳይቆይ፣ የሐረሪ ክልል መንግሥት አሮጌውን ቤት ለዚህ ሙዚየም ሰጠ። ክልሉ ቤት ነበረው፤ ቤቱን የሚሞላ ስብስብ አልነበረውም። ሰብሳቢው ቅርስ ነበራቸው፤ ቦታ ጠበባቸው። የአንዱ ጉድለት በሌላው ተሞላ። ቤቱን ያቆየውም በየማለዳው በሩን የሚከፍት ባለጉዳይ ማግኘቱ ነው፤ ሰው የማይገባበት እድሳት ከጥቂት ክረምት አያልፍምና።

ይሁን እንጂ ይህ አብሮ መሥራት የራሱ ሥጋት አለው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰቦች የቅርስ ባለቤት መሆን እንደሚችሉ ያውቃል፤ የመጠበቅ ግዴታም ይጥልባቸዋል። ሆኖም በአንድ ሰው ትጋት የቆመ ተቋም ያ ሰው ሲደክም ምን ይሆናል? ወራሾች ስብስቡን ቢከፋፈሉ፣ ሹማምንት ተለውጠው ቤቱን ለሌላ ጉዳይ ቢፈልጉት፣ አንዱ ያለሌላው ባዶ ነው። ከቤቱ የሚነሡ ነዋሪዎች ጉዳይም ከቅርሱ ጉዳይ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

ስለዚህ በየከተማው ተመሳሳይ ሥራ ለሚያስቡ ሁሉ ምክሬ አንድ ነው፦ ከቀለሙና ከጣሪያው አስቀድሞ ውሉ ይጻፍ። የጥገናው ወጪ፣ የስብስቡ መዝገብ፣ የተተኪው አመራረጥ በስምምነቱ ይስፈር። አባቶች በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለእንዲህ ያለው ቤትም ይሠራል።