ጌታው በፈረሱ ሲጠራ

የሀገራችንን የቅርብ ዘመን ታሪክ የሚያስተምር መምህር ሁሉ ከነገሥታቱና ከመኳንንቱ ስም አጠገብ ሌላ ስም ተጨምሮ ያገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባላሉ። ተማሪው ይህን ሲሰማ «አባ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ከመነኵሴ ማዕርግ ጋራ ያዛምደዋል። ነገሩ ግን የመጣው ከፈረስ ጋጣ ነው። ታጠቅ፣ ዳኘው፣ ቃኘው የፈረሶች ስሞች ናቸው፤ «አባ» ማለትም የዚያ ፈረስ ባለቤት ማለት ነው። በኦሮምኛ ቋንቋ አባት የሚለውና ባለቤት የሚለው ሐሳብ በዚሁ በአንዱ ቃል ስለሚገለጽ፣ ልማዱ ከኦሮሞ ፈረሰኞች ወደ ሌላው የሀገሩ ሰው የተላለፈ ነው የሚለው አስተያየት በእኔ ግምት ሚዛን የሚደፋ ነው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ስለ ፈረስ ስም ራሱን የቻለ ጥናት ጽፈው በ1961 ዓ.ም. ማሳተማቸው፣ ጕዳዩ ከጨዋታ ወሬ በላይ መሆኑን ያሳያል።

እስቲ ይህን ልማድ ጥቂት እንመልከተው። በተለመደው የዓለም ሥርዐት ንብረት በባለቤቱ ስም ይጠራል፤ የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ርስት እንላለን። በዚህ ግን ሥርዐቱ ተገለበጠና ጌታው በከብቱ ተጠራ። ያውም በአደባባይ፣ በጦር ሜዳ፣ አሽከሩ ጋሻውን አንሥቶ ሲፎክር «የአባ ዳኘው አሽከር!» እያለ ነው። በጅማ ነገሥታት ዘንድ ነገሩ ከዚህም አልፎ ሄዷል። የመጨረሻው ታላቅ የጅማ ንጉሥ የመጠሪያ ስም ቱሉ እንደ ነበረ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው፤ አባ ጅፋር ሲባል ግን የማያውቃቸው የለም። የፈረሱ ስም የእናትና የአባትን ስያሜ ውጦ የከተማ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ።

ስሞቹ ራሳቸው ቢመረመሩ አብዛኞቹ የባሕርይ ወይም የትእዛዝ ቃሎች ናቸው። ታጠቅ ትእዛዝ ነው፤ በዝብዝም እንዲሁ፤ ጠቅል የሚለው የዐፄ ኀይለ ሥላሴ ፈረስ ስምም የዚሁ ወገን ነው። ዳኘው የዳኝነት፣ ቃኘው የቅኝት ቃል ነው። እንግዲህ ስሙን ያወጣው ሰው በፈረሱ ላይ የጻፈው የራሱን ምኞት ነበር ለማለት ይቻላል። ለራሱ «ጠቅላይ ነኝ» ብሎ ስም ቢያወጣ እንደ ትዕቢት በተቈጠረበት ነበር፤ በፈረሱ በኩል ሲናገረው ግን የተከበረ ወግ ሆነ። ሹመት ከላይ ይሰጣል፣ የክርስትና ስም ከቄስ ይገኛል፤ የፈረስ ስም ግን ሰው ስለ ራሱ የሚናገርበት ቃል ነበርና የታሪክ መምህር ቸል ሊለው አይገባም።

ፈረስ በደጋው ሕዝብ ኑሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ስፍራ ሊያገኝ የቻለው በመልክዐ ምድሩም ምክንያት ነው። በቆላ የትንኝ ዝርያ የሚያስተላልፈው የፈረስ በሽታ አለ፤ በምዕራቡ ሸለቆዎችም የገንዲ በሽታ አለ። ሁለቱም ፈረስን በብዛት ይፈጁታል። ስለዚህ ፈረስ የሚበረክተው ነፋሻ በሆነው ከፍተኛ ስፍራ፣ በሰላሌ፣ በአርሲና በባሌ፣ በአገው ምድር፣ ገብስና ሣር በሚበቅልበት ሁሉ ነው። ዛሬም ኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ፈረሶች እንዳሏት ይገመታል፤ በአፍሪቃ ይህን ያህል ፈረስ ያላቸው አገሮች እጅግ ጥቂት ናቸው።

የጽሑፍ ታሪካችንም ፈረሰኛውን ለይቶ ያውቀዋል። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ በ1521 ዓ.ም. ስለ ተደረገው የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሲተርክ ፈረሰኛውን ከእግረኛው ለይቶ ይቈጥራል፤ የጦሩ ክብደት የሚመዘነው በፈረስ ነበርና። አባ ባሕርይ ደግሞ በ1585 ዓ.ም. ገደማ በግዕዝ በጻፉት የኦሮሞ ታሪክ፣ ከገዳው ትውልዶች አንዱ በፈረስና በበቅሎ መቀመጥ የጀመረበትን ጊዜ ለይተው አመልክተዋል። አንድ ሕዝብ ፈረስ መጋለብ የጀመረበትን ዘመን መዝግቦ ማቈየት ብዙ አገሮች ያላገኙት ዕድል ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት የኦሮሞ ፈረሰኛ በሀገሩ ጦርነት ሁሉ የማይታለፍ ኀይል ሆነ። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ የራስ ጎበና ፈረሰኞች ያደረጉት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሸሸውን የጣሊያን ጦር እየተከተሉ ያጠቁት ፈረሰኞች ያደረጉት ለዚህ ምስክር ነው።

ነገር ግን ፈረስን ከጦርነት ቀን ውጭ የሚቀመጥበት ጥቂት ነበር። መኰንኑ መንገዱን የሚሄደው በበቅሎ ነው። በቅሎዋ ገደሉን ታውቃለች፣ አትደነብርም፣ ረዥም ጕዞ ትችላለች። ፈረሱ ግን በግላስ አጊጦ፣ በአሽከር እጅ እየተሳበ ባዶውን ይከተላል፤ ጌታው የሚቀመጥበት ጠላት ሲታይ ነው። የውጭ አገር ሰዎች ይህን ሲያዩ ይገረሙ ነበር። በቅሎ የኑሮ፣ ፈረስ የሞትና የክብር መቀመጫ መሆኑ ነው። ፈረሰኛው በባዶ እግሩ ሆኖ በአውራ ጣቱ ብቻ እርካቡን ቈንጥጦ ይይዝ ነበር፤ ፈረሱም ጫማ አልነበረውም። በገናና በጥምቀት ጉግስ ሲጫወቱ ያየ ሰው፣ ያ በጋሻ መከትና በዘንግ ውርወራ የሚደረገው ሽምጥ ጨዋታ የጦር ትምህርት ቤት እንደ ነበረ ሳይነገረው ይገባዋል።

አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ይህ ተረት እውነት ነው፤ ሆኖም በድሉ ማግሥት የሚጠራው ስም የፈረሱ ነበር።

የዚህን ክብር ሌላውን ወገን አለመጥቀስ ግን ታሪክን ማጕደል ነው። ፈረስ ገብስ ይበላል። የዘማቹ ፈረስ የሚበላው ገብስ ጦሩ ባረፈበት ስፍራ ሁሉ ከገበሬው ጎተራ የወጣ ነው። ፈረሱን የሚያጥበው፣ ድርቆሽ የሚያጭደው፣ ሌሊት ከጅብ የሚጠብቀው አሽከር በየትኛውም ዜና መዋዕል ስሙ አልተጻፈም። ባልደራስ የሚባለው የቤተ መንግሥቱ የፈረስ አለቃ ማዕርግ ነበረው፤ ስሙም እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ የሰፈር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ከባልደራሱ በታች ያሉት ሁሉ ግን ተረስተዋል።

በጐረቤቶቻችንም ዘንድ ፍቅሩ ያው ነው። በሱማሌ ሕዝብ ፈረስን ማወደስ ከታላላቆቹ የቅኔ ርእሶች አንዱ ነው። በእንግሊዝና በጣሊያን ላይ ሃያ ዓመት ያህል የተዋጉት ሰይድ ሙሐመድ ዐብዱሌ ሐሰን ስለ ፈረሳቸው ስለ ሂን ፊኒን የገጠሙት ግጥም በሱማሌ ሥነ ጽሑፍ እስከ ዛሬ የታወቀ ነው። በእኛ ዘንድ የፈረሱ ስም የጌታው መጠሪያ ሆነ፤ በዚያ ደግሞ ራሱን ችሎ በግጥም ውስጥ ቀረ። ከሁለቱ የትኛው ለፈረሱ ይበልጥ አክብሮት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

የፈረሰኛ ዘመን ያበቃው በመትረየስና በአውሮፕላን ነው። ከመጨረሻዎቹ ግልቢያዎች አንዱ የተደረገው በዚሁ ቀጣና፣ በኤርትራ፣ ኬሩ በተባለ ስፍራ ጥር 1933 ዓ.ም. ነው። አሜዴዎ ጉዬ የተባለ ጣሊያናዊ መኰንን የሚያዛቸው ፈረሰኞች ከእንግሊዞች መድፍ ፊት ለፊት ጋለቡና ብዙዎቹ ወደቁ። ፈረሰኞቹ የዚሁ የእኛ ምድር ልጆች፣ የሞቱለት ባንዲራ ግን የባዕድ ነበር። ይህን ለተማሪ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ሆኖም ከዐድዋው ፈረሰኛ ጋራ አብሮ መነገር አለበት። በዚያው የወረራ ዘመን በጎጃም በእግሩ የሚዋጋው አርበኛ በላይ ዘለቀ «አባ ኮስትር» ተብሎ ሲጠራ፣ ልማዱ ከፈረሰኛው ጦር በኋላም እንደ ቈየ እናያለን።

ወራሪው ጦርም የፈረስን ነገር ችላ አላለም። በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጊዮርጊስ አደባባይ የተተከለው፣ የፊት እግሮቹን ባነሣ ፈረስ ላይ የተቀመጡት የዐፄ ምኒልክ ሐውልት በወረራው ጊዜ ተነቅሎ ተደበቀ፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ስፍራው ተመለሰ። በዚሁ ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም.፣ በአገው ምድር የፈረሰኞች ማኅበር እንደ ተመሠረተ ይነገራል። ማኅበሩ ዛሬ አባሎቹን በዐሥር ሺሕ የሚቈጥር ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ በዓል፣ በእንጅባራ ይሰበሰባል። መነሻውም በዐድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ማሰብ ነው ይባላል። የወደቁ ወታደሮችን የሚዘክር ማኅበር በየአገሩ አለ፤ ፈረሶቹንም አብሮ የሚያስብ ግን ብርቅ ነው።

ከሁሉ ረዥሙን መንገድ የሄደው ስም ግን ቃኘው ነው። ራስ መኰንን ያረፉት በ1898 ዓ.ም. ነው። በ1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ ተመርጦ ወደ ኮርያ የዘመተው ሻለቃ ጦር በልጃቸው በዐፄ ኀይለ ሥላሴ ፈቃድ «ቃኘው» ተባለ። በአሥመራ የነበረውና በ1969 ዓ.ም. የተዘጋው የአሜሪካኖች የሬዲዮ ጣቢያም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። በሐረርጌ ሜዳ የጋለበ አንድ ፈረስ፣ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ በኮርያ ተራሮች ላይ ወታደሮች ተጠሩበት፤ በሬዲዮ ምሰሶ ሥርም ፈረስ አይተው የማያውቁ የቴክኒክ ሰዎች ተጠሩበት።

በዛሬው ቀን ፈረስን በብዛት የምናገኘው በገጠሩ እርሻና ጭነት፣ በአንዳንድ ከተሞችም በጋሪ ሥር ነው። ብዙ ከተሞች በባጃጅ ተክተውታል፤ ያረጀው የጋሪ ፈረስም በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ይታያል። ከእርሱ ጋራ ቃሎቹም እየሄዱ ነው። ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራች፣ አምባላይ እየተባለ የፈረስ መልክ የሚለይበት ቋንቋ፣ ሶምሶማና ደንገላሳ የተባለው የአካሄድ ዓይነት፣ ዛብና ግላስ በከተማ ለሚያድገው ልጅ የሌላ አገር ቃል ያህል ሆነውበታል። ቃሎቹን የሚያውቁት አዛውንት ባረፉ ቍጥር መዝገቡ ይሳሳል፤ መዝገበ ቃላት ትርጕሙን ቢያቈይም ዳማው ከቡላው በምን እንደሚለይ በጣቱ የሚያሳይ ሰው ከሌለ ቃሉ ባዶ ነው።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ የማይከብድ የቤት ሥራ አቀርባለሁ። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ከቤታቸው የአያታቸውን ወይም የቅድመ አያታቸውን የፈረስ ስም ጠይቀው እንዲመጡ ይታዘዙ፤ የፈረሱ መልክና ስሙ የወጣበት ምክንያትም ከተገኘ ይጻፍ። ጥቂቶች ስም ይዘው ይመጣሉ። ብዙዎቹ ግን «አያቴ ፈረስ አልነበረውም» ብለው ይመለሳሉ። እነርሱም በዚያው ደብተር ላይ፣ የአያታቸው ገብስ ለማን ፈረስ ይሰፈር እንደ ነበረ ጠይቀው ይጻፉ።