ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ፦ የምስጢር ፈቃድ

አገር ቤት «ክሊራንስ አምጣ» የተባለ ሰው የሚያመጣው፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ዕዳም ሆነ ያልመለሰው ንብረት እንደሌለበት የሚገልጽ ወረቀት ነው። የአሜሪካ መንግሥት «ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ» የሚለው ግን ሌላ ነው፤ አንድ ሠራተኛ በምስጢር የተያዘ መረጃ እንዲያይ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ስለዚህ «የምስጢር ፈቃድ» ብንለው ይሻላል። ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ አካባቢ ሥራ የሚፈልጉ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው ወገኖቻችን በየማስታወቂያው ያገኙታል።

አመልካቹ ከሚመዘንባቸው 13 መመዘኛዎች አንዱ ዕፅ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው የድሮ ታሪኩን ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ «አንዴ ከነካህ አበቃልህ» አይልም። መቼ ነበር? ስንት ጊዜ? በምን ሁኔታ? ከዚያ ወዲህስ ከእነማን ጋር ትውላለህ? ይህን ያህል ዓመት ይለፍ የሚል ቁርጥ ያለ ገደብ አላስቀመጠም። «ወደፊት ብነካ ፈቃዴ ይሰረዝ» ብሎ መፈረምም ለአመልካቹ ይጠቅመዋል። በሕግ በሩ የተዘጋው አሁንም ለሚጠቀም ወይም ሱስ ለያዘው ሰው ነው።

ማሪዋና ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ቢፈቅድም፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ፌዴራል መንግሥት የሚያየው የራሱን ሕግ ነው። የኛን ሰው ይበልጥ የሚመለከተው ግን ጫት ነው። እዚህ ቡና ይዞ የመጨዋወት ያህል የሚቆጥሩት አሉ፤ በእርጥብ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተመዘገበ ነው። ሜሪላንድ ሳሎኑ ውስጥ የቃመ ሰው «የባህላችን ነው» ቢል ሕጉ አይለወጥለትም።

ከማጨሱም ከመቃሙም ይልቅ የሚከፋው ግን መዋሸት ነው። ኤስኤፍ 86 የሚባለው የማመልከቻ ቅጽ ስለ ዕፅ ሲጠይቅ ያለፉትን 7 ዓመታት ይጠይቃል። መርማሪዎች ጎረቤትንና የድሮ የሥራ ባልደረባን ስለሚያነጋግሩ፣ የተደበቀው ከሌላ አፍ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ጉዳዩ የዕፅ መሆኑ ይቀርና የታማኝነት ይሆናል፤ ይህ ራሱን የቻለ መመዘኛ ነው። እያወቁ ሐሰት መሙላት እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀልም ነው።

ፈቃዱን ከያዙ በኋላ መጠቀም ከዚያ በፊት ከመጠቀም ይበልጥ ይከብዳል። ቅጹ ስለዚህኛው ሲጠይቅ በ7 ዓመት አይወሰንም፤ «መቼም ቢሆን» ይላል።